ስሙ እስኪወጣለት፦ የዘር ማጥፋት ወንጀል ምንነትና የዓለም ምላሽ

ደብረ ብርሃን ላይ የነሐሴ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ባለፈው ክረምት፣ ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማችን መጠለያ ከሚኖሩት ወገኖች አንዱ የሆኑ አረጋዊ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከሸራው ደጃፍ እንደተቀመጡ፣ ሕግ ማጥናቴን ከሰው ሰምተው ኖሮ ጠሩኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ በእኛ ላይ የደረሰው ነገር ስሙ ምንድን ነው? ዘር ማጥፋት ከተባለ ዓለም ይደርስላችኋል፣ ካልተባለ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም ይሉናል። እውነት ነው?» እኔም «አባቴ፣ ይህ ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው» ብያቸው ተለያየን። ለእሳቸውና ተመሳሳይ ጥያቄ በልባቸው ለሚመላለስ ሁሉ፣ የጉዳዩን አመጣጥና አሠራር በተራ አማርኛ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የውጭውን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልኩ በራሳችን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ስሙ ከድርጊቱ እጅግ ዘግይቶ የመጣ ነው። ከ1944 በፊት አንድን ሕዝብ ከምድር ገጽ ለማጥፋት የሚደረግ ዘመቻ በዓለም አቀፍ ሕግ ዘንድ የራሱ መጠሪያ አልነበረውም። ቃሉን የፈጠረው ራፋኤል ሌምኪን የተባለ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ የሕግ ሰው ሲሆን፣ ዘርን ወይም ነገድን የሚያመለክተውን «ጄኖስ» የሚል የግሪክ ቃል መግደልን ከሚያመለክት የላቲን ቅጥያ ጋር አጣምሮ «ጄኖሳይድ» አለው። ወደዚህ ሐሳብ የመጣው ገና ተማሪ ሳለ ነበር። በ1921 አንድ አርመናዊ ወጣት፣ በኦቶማን ቱርክ አርመኖችን ያስፈጀውን የቀድሞ ሚኒስትር ጣላት ፓሻን በርሊን ጎዳና ላይ ተኩሶ ገደለውና ለፍርድ ቀረበ። ሌምኪን መምህሩን «ጣላትስ ስለምን አልተከሰሰም?» ብሎ ሲጠይቅ ያገኘውን መልስ በሕይወት ታሪኩ አስፍሮታል፤ ገበሬ የራሱን ዶሮዎች ቢያርድ ማንም ጣልቃ እንደማይገባበት ሁሉ፣ መንግሥትም በገዛ ዜጎቹ ላይ ለሚያደርገው ከልካይ የለበትም ተባለ። ይህ የዶሮ ምሳሌ የዚያን ዘመን የዓለም ሕግ ምን እንደነበረ ከረጅም ሐተታ ይልቅ ያሳየኛል። ከዚያ በኋላ የመጣው ስምምነትም ሆነ ፍርድ ቤት ይህን አስተሳሰብ ለማፍረስ የተደረገ ትግል ነው።

ስሙ ሳይኖር ድርጊቱ ግን ነበረ። በዛሬዪቱ ናሚቢያ፣ ጀርመን ቅኝ ገዥ በነበረችበት ዘመን፣ ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ በጥቅምት ወር 1904 ባወጣው ትዕዛዝ በጀርመን ወሰን ውስጥ የተገኘ ሄሬሮ የተባለው የአገሬው ሕዝብ ተወላጅ ሁሉ፣ የታጠቀም ይሁን ያልታጠቀ፣ እንዲገደል አዘዘ፤ ሕዝቡም ወደ ኦማሄኬ በረሃ ተነድቶ በውኃ ጥም አለቀ፣ የናማ ሕዝብም ተከትሎ ተጨፈጨፈ። ጀርመን ይህ ዘር ማጥፋት ነበር ብላ በይፋ የተናገረችው በግንቦት 2021 ነው፤ ከ116 ዓመታት በላይ አልፎ ማለት ነው። ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ግዛት አርመኖች ከየቀያቸው ተነቅለው ወደ ሶርያ በረሃ ሲነዱና ሲታረዱ ደግሞ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ ገና በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ይህ «በሰብዓዊነትና በሥልጣኔ ላይ የተፈጸመ ወንጀል» ነው፣ ፈጻሚዎቹም ተጠያቂ ይሆናሉ ብለው መግለጫ አወጡ። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን የፖለቲካው ጥቅም በለጠና በ1923 ከሎዛን ስምምነት ጋር ምሕረት ተሰጠ። ከዚያ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ሕፃናት ጥቂቱ እኛ ዘንድ ደርሰዋል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አይተዋቸው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የነሐስ ሙዚቀኞች ናቸው፤ አብሯቸው የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። አያቶቻችን ቆመው የዘመሩት ዜማ ከዚያ ፍጅት ከተረፈ ሕዝብ እጅ የወጣ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ሸዋም ይህን ታሪክ በሩቁ የሰማች ምድር አይደለችም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ ግራዚያኒ በእሱ ላይ በተደረገው የግድያ ሙከራ የደብረ ሊባኖስ ገዳም እጅ አለበት ብሎ ጄኔራል ማሌቲን ላከ። በግንቦት ወር፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን፣ ገዳሙ በተሳላሚ በተሞላበት ጊዜ፣ መነኮሳቱ በካሚዮን እየተጫኑ ተወስደው ተረሸኑ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በላኩት ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን አስታውቀዋል። ከቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት እዚሁ ደብረ ብርሃን አካባቢ ተረሸኑ። ገዳዩ በራሱ እጅ የመዘገበው ቁጥር ሲደመር 449 ይሆናል፤ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የሕይወት ምስክሮችን እየፈለጉ የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ፣ እስከ 2,000ም ያደርሱታል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የወደቁት ሰዎች ማን ጻፋቸው? ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለው ሥፍራ፣ የአርበኞች ቤተሰቦች፣ ቁስለኞችና ሽማግሌዎች አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ትልቅ ዋሻ ተጠልለው ሳለ የጣሊያን ጦር ከበባቸው። በጥይት ማስወጣት ሲያቅተው የሰናፍጭ ጋዝ የተሞላ ቦምብ ወደ ዋሻው አፍ አወረደ። ጣሊያን ይህን መርዝ በጦርነት ላለመጠቀም በ1925 በጄኔቫ የፈረመች አገር ነበረች። ጋዙ ያልጨረሳቸው እጃቸውን ሰጥተው ሲወጡ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ገደል አፋፍ ላይ ተደርድረው በመትረየስ ተገደሉ። የሟቾቹ አጽም ዋሻው ውስጥ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ተገኝቷል። አንድ ሰው የዋሻውን አፍ በዓይነ ኅሊናው ቢያስበው፣ ሕፃን ያዘለች እናት ወደ ጨለማው ውስጥ እየገባች ጋዙ ከኋላ ሲከተላት፣ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ የሚነገረው ሁሉ ከወረቀት ወርዶ ሥጋ ይለብሳል።

ዓለም ምን አለ? ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው ከሰማይ ስለሚርከፈከፈው መርዝ ሲናገሩ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ሰምቶ በቀናት ውስጥ በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የጦር ወንጀለኞችን የሚመዘግበው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ሲቋቋምም፣ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከጦርነቱ በፊት የተፈጸመ ነው እየተባለ ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተገፋ። ኢትዮጵያ ተሟግታ ባዶሊዮና ግራዚያኒ የሚገኙባቸውን የ10 ጣሊያናውያን ስም በ1948 ስታቀርብ ኮሚሽኑ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ አለ ብሎ ተቀበለ። ይሁንና ለኢትዮጵያ ተላልፎ የተሰጠ አንድም ሰው የለም። ግራዚያኒ አገሩ ውስጥ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ብቻ ሲሆን፣ 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ተለቀቀ። የደብረ ሊባኖስና የዘረት ሟቾች ጉዳይ በየትኛውም የወንጀል ችሎት ተነብቦ አያውቅም።

እንግዲህ ስሙ ወደ ሕግ የገባው በዚህ ዘመን ነው። ናዚ ጀርመን 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን ፈጀች፤ ሮማ የተባሉትን ሕዝቦችና ሌሎችንም ጨመረች። ሌምኪን ራሱ 49 ዘመዶቹን አጥቷል። የኑረምበርግ ችሎት የናዚ መሪዎችን ሲዳኝ «ጄኖሳይድ» የሚለው ቃል በክሱ ላይ ተጠቅሶ ነበር፣ በፍርዱ ላይ ግን አልገባም። ሌምኪን በዚህ ልቡ ተሰብሮ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሄደ፤ ያለ ሥልጣንና ያለ ገንዘብ፣ ከአንዱ ልዑክ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ለመነ። በመጨረሻም ታኅሣሥ 9 ቀን 1948 የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የሚደነግገው ስምምነት በፓሪስ ጸደቀ። ይህን ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ቀኑም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። አሜሪካ ለማጽደቅ እስከ 1988 ቆይታለች። በጋዝ የተጨፈጨፈ ሕዝብ ከሁሉ ቀድሞ ማጽደቁን ሳስብ፣ እነዚያ ሰዎች የፈረሙት ከልባቸው እንደነበር ይሰማኛል።

ስምምነቱ ወንጀሉን እንዲህ ይተረጉመዋል። አንድን በዜግነት፣ በብሔር፣ በዘር ወይም በሃይማኖት የሚታወቅ ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል የማጥፋት ሐሳብ ኖሮ፣ የቡድኑን አባላት መግደል፣ በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ፣ ቡድኑ እንዲጠፋ የሚያደርግ የኑሮ ሁኔታ ሆነ ብሎ መጫን፣ እንዳይወልዱ ማድረግ፣ ወይም ልጆቻቸውን በኃይል ወስዶ ለሌላ ቡድን መስጠት ዘር ማጥፋት ነው። ከአምስቱ ድርጊቶች መግደል አንዱ ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ በረሃብ መቅጣትም፣ አስገድዶ መድፈርም እንደ ሁኔታው በዚህ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ድርጊቱ ብቻ ሳይሆን ማሴሩ፣ በአደባባይ በቀጥታ መቀስቀሱ፣ መሞከሩና ተባባሪ መሆኑም ያስቀጣል።

የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው «የማጥፋት ሐሳብ» በሚለው ላይ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚመስለው የሟቹ ቁጥር ሲበዛ ወንጀሉ ዘር ማጥፋት ይሆናል ብሎ ነው፤ ሕጉ ግን ቁጥር አይቆጥርም። በድንበር መሬት ተጣልቶ ጎረቤቱን የገደለ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ሟቹ የሌላ ብሔር ተወላጅ ቢሆንም ነገሩን አይለውጠውም። ነገር ግን ገዳዩ ያንን ሰው የመረጠው የዚያ ቡድን አባል በመሆኑ ከሆነ፣ ሐሳቡም ቡድኑን እንደ ቡድን ከዚያ ምድር ማጥፋት ከሆነ፣ ወንጀሉ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ከጀርባው የመሬት ስስት መኖሩም ነጻ አያወጣውም። ሐሳብ ደግሞ በልብ ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ፣ ዳኞች የሚደርሱበት ከውጭ በሚታየው ነው፦ አዛዦች ምን አሉ፣ በሬዲዮ ምን ተባለ፣ ተጠቂዎቹ በምን ተለይተው ተመረጡ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ለምን አልተማሩ፣ ቤተ እምነታቸውስ ለምን ተቃጠለ?

ሐሳቡ ካልተረጋገጠ ወንጀሉ ቀረ ማለት አይደለም። በሰላማዊ ሕዝብ ላይ በስፋት ወይም በተቀነባበረ መንገድ የሚፈጸም ግድያ፣ ማፈናቀልና ማሰቃየት በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ይባላል፤ በጦርነት ውስጥ ከሆነም የጦር ወንጀል ሊሆን ይችላል። እነዚህ ከዘር ማጥፋት በታች የተቀመጡ ቀላል ወንጀሎች አይደሉም፤ ቅጣታቸውም እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። የካምቦዲያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የፖል ፖት አገዛዝ ከ1975 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጅቷል፤ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2018 ሁለቱን በሕይወት የተረፉ መሪዎች በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያደረገው ግን በቬትናማውያን ላይ በተፈጸመው ሲሆን፣ አንደኛው በቻም ሙስሊሞች ላይ በተፈጸመውም ተፈርዶበታል። ከሟቾቹ የሚበዙት የገዛ ወገኖቻቸው ክመሮች ስለነበሩ፣ የእነሱ እልቂት የተዳኘው በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀልነት ነው። እናቱን በረሃብ ያጣ አንድ ክመር ከዚህ የስም ልዩነት የሚያገኘው መጽናናት የለም።

ፖለቲካዊ ቡድኖች ከስምምነቱ የወጡት ሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ ብዙ መንግሥታት ስለተቃወሙ ነው። የእኛ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን በአንቀጽ 281 ፖለቲካዊ ቡድንንም አካትቶ ነበር። ስለዚህ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀይ ሽብርን ተጠያቂዎች በዘር ማጥፋት ሊከስሳቸው ቻለ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ዚምባብዌ ሆነው በሌሉበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ። አገር በገዛ ፍርድ ቤቷ የራሷን የቀድሞ ገዥዎች በዚህ ወንጀል መዳኘቷ በአፍሪካ ብርቅ ነው፤ ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ መጎተቱና ዋናው ተከሳሽ አለመቅረቡ ግን የብዙ እናቶችን ዕንባ ሳያብስ ቀርቷል።

አሁን ወደ አረጋዊው ጥያቄ ልምጣ። ስሙ ከወጣ ዓለም ይመጣል ወይ?

የሩዋንዳ ነገር ከሁሉ በላይ ያስተምራል። የቤልጅግ ቅኝ ገዥዎች በ1930ዎቹ ሁቱ፣ ቱትሲ የሚል መታወቂያ አከፋፍለው ነበር፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ ያ ወረቀት በየኬላው የሞት ማዘዣ ሆነ። በሥፍራው የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ጥር 11 ቀን 1994 ለኒው ዮርክ ባስተላለፈው መልእክት፣ የጦር መሣሪያ መከማቸቱንና ቱትሲዎችን ለመግደል ምዝገባ እየተካሄደ መሆኑን ከውስጥ አዋቂ መስማቱን ገልጾ መሣሪያውን ለመያዝ እንደሚነሣ አስታወቀ። ከሥልጣንህ ውጭ ነው ተብሎ ተከለከለ። ሚያዝያ 7 ቀን የሁቱ አክራሪዎች ግድያ ሲፈነዳ አሥር የቤልጅግ ወታደሮች ተገደሉና ቤልጅግ ጦሯን አስወጣች። የፀጥታው ምክር ቤትም ሚያዝያ 21 ቀን ኃይሉ ወደ 270 ሰው እንዲወርድ ወሰነ፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሬሳ በተሞሉበት ሰሞን ማለት ነው። ሬዲዮው ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ፣ የተደበቁበትን ቦታ እየጠቆመ ያሰማራ ነበር። በ100 ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው አለቀ፤ የሩዋንዳ መንግሥት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው ይላል።

በእነዚያ ሳምንታት የአሜሪካ መንግሥት ቃል አቀባዮች «ዘር ማጥፋት» የሚለውን ቃል ላለመናገር ሲጠነቀቁ፣ «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች» ተፈጽመዋል እያሉ ሲሸሹ ዓለም ሰምቷቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ስሙን ከጠሩት የመከላከል ግዴታ ይመጣል ብለው ፈሩ። በዚህ በኩል ሲታይ የአረጋዊው ወሬ እውነትነት አለው፤ ስሙ ኃያላንን ያስፈራቸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ምክር ቤቱ ሁሉ ካለፈ በኋላ በኅዳር 1994 ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በሰላም አስከባሪነት የገቡት ከእልቂቱ በኋላ ነው። በአሩሻ የተቀመጠው ችሎት መስከረም 2 ቀን 1998 ዣን ፖል አካየሱ የተባለውን የወረዳ ሹም በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲያደርግ፣ በስምምነቱ መሠረት በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የተሰጠ የመጀመሪያው ፍርድ ሆነ፤ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት መንገድ ሊሆን እንደሚችልም በዚያው ፍርድ ተበየነ። ከስምምነቱ መጽደቅ እስከዚህ ፍርድ ድረስ ሊሞላ ጥቂት ወራት የጎደለው ሃምሳ ዓመት አለ።

በምዕራብ ሱዳን ያለችው ዳርፉር ደግሞ የተገላቢጦሹን ታሳያለች። በመስከረም 2004 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በሱዳን ዘር ማጥፋት ተፈጽሟል ብለው በግልጽ ተናገሩ፤ በዚያው ንግግራቸው ግን ይህ አባባል አዲስ እርምጃ እንድንወስድ አያስገድደንም አሉ። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ኮሚሽን በጥር 2005 የማጥፋት ፖሊሲ አልታየኝም፣ ወንጀሎቹ ግን ከዚያ የማያንሱ ከባድ ናቸው አለ። ግለሰቦችን የሚዳኘው የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2010 የወቅቱ የሱዳን ፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር በዘር ማጥፋት እንዲያዙ አዘዘ፤ እሳቸው ግን ከአገር አገር እየተዘዋወሩ ኖሩ። በጥር 2025 አሜሪካ በዚያው በሱዳን ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ዘር ማጥፋት ፈጽሟል ብላ እንደገና አስታወቀች፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት የዳርፉሯ ኤል ፋሸር ወደቀች፣ ጅምላ ግድያም ተከተለ። ሁለት ጊዜ ስም ወጣለት፤ ሁለት ጊዜም የሚደርስለት አጣ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ስምምነቱ የራሱ ጦር የለውም። ኃይል የሚያዝዘው የፀጥታው ምክር ቤት ሲሆን፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ይቆማል፤ አምስቱም ደግሞ የየራሳቸው ወዳጅ አላቸው። ከሩዋንዳ በኋላ በተደረገው የጸጸት ዘመን የአፍሪካ ኅብረት በ2000 በጸደቀው መመሥረቻ ሕጉ አንቀጽ 4 ውስጥ፣ ዘር ማጥፋት ሲፈጸም በአባል አገር ጣልቃ የመግባት መብት ለራሱ ሰጥቷል፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም የቆመው ቀድሞ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት በነበረበት መሬት ላይ ነው። በ2005 የዓለም መሪዎች መንግሥት ሕዝቡን መጠበቅ ሲያቅተው ዓለም ኃላፊነት አለበት ብለው ተስማሙ። የኅብረቱ መብት እስካሁን ጦር አላዘመተበትም፤ በታኅሣሥ 2015 ለቡሩንዲ የታሰበው ኃይል በመሪዎቹ ጉባኤ ቀርቷል።

እንዲያም ሆኖ ሕጉ ከንቱ አይደለም፤ እኔ ተስፋ የማደርግበት ቦታም እዚህ ነው። በሐምሌ 1995 የተባበሩት መንግሥታት «የተጠበቀ አካባቢ» ብሎ በሰየማት በስሬብሬኒካ፣ የኔዘርላንድ ወታደሮች እያሉ፣ የቦስኒያ ሰርብ ጦር ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችንና ታዳጊዎችን ለይቶ ገደለ። ቦስኒያ ሰርቢያን ከሳ በዘ ሄግ ያለው፣ መንግሥታት እርስ በርስ የሚካሰሱበት የዓለም ፍርድ ቤት በየካቲት 2007 ሲፈርድ፣ ሰርቢያ ራሷ ወንጀሉን ባትፈጽምም ባለመከላከሏ ስምምነቱን ጥሳለች አለ። አንድ ነገርም በግልጽ አስቀመጠ፤ የመከላከል ግዴታ የሚጀምረው መንግሥት ከባድ የዘር ማጥፋት አደጋ መኖሩን ካወቀበት፣ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቅጽበት አንሥቶ ነው። ፍርድ እስኪሰጥ፣ ስም እስኪወጣ፣ አስከሬን እስኪቆጠር ጠብቅ አላለም። የአሜሪካ ቃል አቀባዮች በ1994 ቃሉን ሲሸሹት የነበረው ሽሽት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም ማለት ነው።

ይህ በር ትንንሽ አገሮችንም አስገብቷል። ጋምቢያ፣ ሮሂንጋ የተባሉ ከ700,000 በላይ የምያንማር ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ከተሰደዱ በኋላ፣ ምያንማርን በ2019 ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም በጥር 2020 የቀሩትን እንድትጠብቅ አዘዘ። ደቡብ አፍሪካም በታኅሣሥ 2023 እስራኤልን በጋዛ ጉዳይ ከሳ ጊዜያዊ ትዕዛዝ አስወጥታለች። ጀርመን በበኩሏ በኅዳር 2021፣ ወንጀሉ በአገሯ ባይፈጸምም፣ የአይኤስ አባል የነበረን ሰው ያዚዲ በተባሉት የኢራቅ አናሳ የሃይማኖት ተከታዮች ላይ በተፈጸመ ዘር ማጥፋት ፍራንክፈርት ላይ ፈርዳበታለች። የሌምኪን መምህር የዶሮ ምሳሌ ዛሬ በየትኛውም የሕግ ትምህርት ቤት እንደ ሕግ አይነገርም።

በአገራችን ቃሉ በየወገኑ አፍ ላይ ነው። አማራውም፣ ትግራዋዩም፣ ኦሮሞውም፣ ጉሙዙም የየራሱን ሟች እየቆጠረ ያነሣዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት በ2021 ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን የጦር ወንጀልና በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል መፈጸሙን ዘርዝሮ፣ ተጨማሪ እልቂት ሊመጣ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ በጥቅምት 2023 ሥልጣኑ ሳይታደስ ተዘጋ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። በዚህ ሁኔታ እኔ ተነሥቼ የእገሌ ዘር ማጥፋት ነው፣ የእገሌ አይደለም ብል ያለ ማስረጃ መፍረድ ይሆንብኛል፤ ገለልተኛ ምርመራ ግን ለሁሉም ሟች ይገባዋል። የማየው አንድ አደጋ አለ፤ ጎረቤትን በአራዊት ስም መጥራት፣ «እነዚህ ካልጠፉ አንኖርም» ማለት፣ ሕፃኑን በአባቱ ብሔር መቁጠር፣ ሩዋንዳ ላይ ከ1994 በፊት የነበረ ነገር ነው፤ ዛሬ በስልካችን ላይ በየቀኑ እናነበዋለን።

ለመስቀል ሰሞን ወደ መጠለያው ተመልሼ ይህን ሁሉ በአጭሩ ለአረጋዊው ነገርኳቸው። ዓለም በስሙ ብቻ እንደማይመጣ ስነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም። «ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ። የደብረ ሊባኖስን ሁለት ቁጥሮች አስታወስኳቸውና፣ የሟቾቹን ስም የጻፈው ሰው ካለ አንድ ቀን ለሚመረምር አካል ያ ከሁሉ እንደሚበልጥ ነገርኳቸው። ከፍራሻቸው ሥር ጫፉ የረገበ የተማሪ ደብተር አወጡ። በልጅ ልጃቸው የእጅ ጽሑፍ የ31 ሰው ስም ከነአባት ስም ሰፍሯል፤ አንዱ ላይ ግን «የዓለሚቱ ልጅ» ብቻ ይላል። ክርስትና ሳትነሣ የሞተች ሕፃን ናት፤ ሰማንያ ቀኗ አልሞላም ነበር።

«ቀኑንና ሰዓቱንም ይጻፉ፣ አባቴ» አልኳቸው። «መጥተው የሚናገሩትን ከሰሙም፣ ያሉትን ቃል በቃል ይጻፉት፤ ሐሳባቸው የሚታወቀው በእሱ ነው።»

«ስድቡንም ጭምር?»

«ስድቡንም ጭምር።»

ልጅቷን ጠሯት። እስክሪብቶዋን ይዛ መጥታ ከጎናቸው በርከክ አለች፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዕለቱ ቅዳሜ መሆኑን ከተናገሩ በኋላ፣ በሩን ያንኳኳው ሰው መጀመሪያ ያለውን ቃል ይነግሯት ጀመር።